ከኋላ ያሉ ተጫዋቾች ሲያጣድፉ፦ ስለ ጎልፍ ሜዳ ሥነ ሥርዓት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሚከተሉት ጥያቄዎች በአብዛኛው የሚነሡት ጎልፍን ካደጉ በኋላ ከጀመሩና በአሜሪካ ለሕዝብ ክፍት በሆኑ ሜዳዎች ከሚጫወቱ ሰዎች ነው። መልሶቹ የተመሠረቱት መቀመጫው ስኮትላንድ የሆነው አር ኤንድ ኤ እና የአሜሪካው የጎልፍ ማኅበር ዩኤስጂኤ በጋራ በሚያወጡት ደንብ ላይ ነው፤ ደንቡ ዝም ባለበት ቦታ ደግሞ በሜዳዎች የተለመደው ሥርዓትና የጸሐፊው አስተያየት ተጨምሯል። እዚህ ላይ «ጉድጓድ» ሲባል ኳሱ የሚገባበት ቀዳዳ ብቻ ሳይሆን ከመነሻው ከቲ እስከ ባንዲራው ያለው ሙሉ የጨዋታ ክፍል ነው። «ፓር» ጥሩ ተጫዋች ጉድጓዱን ለመጨረስ የሚጠበቅበት የምት ብዛት ነው፤ «ግሪን» ደግሞ ባንዲራው የቆመበት አጭር ሣር ነው።

ከኋላዬ ያሉት ሰዎች ዱላቸውን ተደግፈው ቆመው አያለሁ። ዘግይቻለሁ ማለት ነው?

የግድ አይደለም። አንድ ቡድን መዘግየት አለመዘግየቱ የሚታወቀው ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ፊት በመመልከት ነው። ከፊትዎ ያለው ቡድን ገና እየተጫወተ ከሆነና እርስዎም ቦታውን እስኪለቅ የሚጠብቁ ከሆነ፣ ከኋላ ያሉት ቢቆሙም ቢቀመጡም እጃቸውን ወገባቸው ላይ ቢያደርጉም፣ ከእርስዎ የሚጠበቀውን ሁሉ እያደረጉ ነው፤ ከዚህ በላይ ቢቸኩሉ የሚያገኙት ነገር ቢኖር ቀጣዩ ቦታ ላይ ቀድሞ ደርሶ መቆም ብቻ ነው። በተቃራኒው፣ ባለ አራት ፓር ጉድጓድ መነሻ ላይ ሲደርሱ ከፊትዎ እስከ ባንዲራው ድረስ አንድም ሰው ከሌለ፣ ወይም ባለ አምስት ፓር ጉድጓድ ላይ ሲደርሱ የፊተኞቹ ግሪኑን ሊለቁ ከተቃረቡ፣ ቡድንዎ ቦታውን አጥቷል። ያን ጊዜ ከኋላ ማንም ባይኖር እንኳ ዘግይተዋል።

ይህን መለኪያ በጥብቅ መያዝ የሚጠቅመው በተለይ ይሉኝታ ለሚያጠቃን ሰዎች ነው። ከኋላችን ሰው ቆሞ ባየን ቁጥር ጥፋቱ የእኛ መስሎ ይሰማናል፣ እንሽቆጠቆጣለን፣ ከዚያም አጉል እንመታለን፣ የተበላሸውን ለማስተካከል ደግሞ ሁለትና ሦስት ምት እንጨምራለን። ስለዚህ እያንዳንዱ መነሻ ላይ ሲደርሱ አስቀድመው ወደ ፊት ይመልከቱ። የፊተኞቹ እዚያው ካሉ ከኋላ ያሉትን መመልከት አያስፈልግም።

ሁሉም ሰው በፍጥነት እየተጫወተ ሜዳው የሚጨናነቀው ለምንድን ነው?

ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ተጫዋቾቹ ሳይሆኑ የመነሻ ሰዓቱ ድልድል ነው። ባለ አራት ፓር ጉድጓድ ላይ ሁለት ቡድኖች በአንድ ጊዜ ሊጫወቱ ይችላሉ፤ አንዱ ግሪኑ አካባቢ ሲሆን ሌላው ከቲ ይመታል። ባለ አምስት ፓር ላይ ሦስት ቡድኖችም ይኖራሉ። ባለ ሦስት ፓር ጉድጓድ ግን ከመነሻው እስከ ግሪኑ በአንድ ምት የሚደረስ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ቡድን ባንዲራውን መልሶ እስኪወጣ ድረስ ሁለተኛው መምታት አይችልም። እንደ ጠባብ ድልድይ ነው፤ መንገዱ የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን መኪናዎቹ የሚያልፉት በድልድዩ ልክ ነው።

በቁጥር ሲታይ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። አራት ሰዎች አንድን ባለ ሦስት ፓር ጉድጓድ ለመጨረስ 10 ደቂቃ ይፈጅባቸዋል እንበል፤ ሜዳው ደግሞ ቡድኖችን በየ8 ደቂቃው ያሰማራል። ሁለተኛው ቡድን 2 ደቂቃ ይጠብቃል፣ ሦስተኛው 4 ደቂቃ፣ አሥረኛው 18 ደቂቃ፤ ሠላሳኛው ቡድን እዚያ መነሻ ላይ አንድ ሰዓት ሊሞላ 2 ደቂቃ እስኪቀረው ድረስ ይቆማል። በዚህ ስሌት ውስጥ አንድም ቀርፋፋ ሰው የለም። ሜዳው ብዙ ቡድን ባሰማራ ቁጥር ብዙ ገቢ ስለሚያገኝ፣ በበዓልና በቅዳሜ ጠዋት ክፍተቱን ለማጥበብ ይፈተናል፤ ከኋላዎ የተቆጣው ሰው ግን ቁጣውን የሚያሳየው ለእርስዎ እንጂ የመነሻ ሰዓት ለሸጠው ጠረጴዛ አይደለም። የቅዳሜ ጠዋት ጨዋታ ከማክሰኞ ከሰዓት በኋላው የሚረዝመው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

ከኋላ ያሉትን ማሳለፍ ያለብኝ መቼ ነው?

ሁለት ነገሮች በአንድ ላይ ሲሟሉ ነው፦ ከፊትዎ ቢያንስ አንድ ሙሉ ጉድጓድ ባዶ ሲሆን፣ እና ከኋላ ያሉት ከእርስዎ ፈጥነው የሚጫወቱና የሚጠብቁ ሲሆኑ። ደንቡም በቁጥር 5.6(ለ) ፈጣን ቡድኖች እንዲያልፉ መፍቀድን ያበረታታል። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ማሳለፍ ብዙም አይረዳም። በተለይ ከፊትዎ ያሉት ራሳቸው የሚጠብቁ ከሆነ፣ የኋላውን ቡድን ማሳለፍ ማለት የተሰለፉ ሰዎችን ቦታ መለዋወጥ ብቻ ነው፤ ያለፉት ቀጣዩ መነሻ ላይ ይቆማሉ፣ እርስዎም ከእነርሱ ኋላ ይቆማሉ፣ ከእርስዎ ኋላ ያለው ሦስተኛው ቡድን ደግሞ ማሳለፉ የፈጀውን ደቂቃ ሁሉ ይከፍላል።

ብቻውን የሚጫወት ሰው ጥያቄ በተደጋጋሚ ይነሣል። በቀድሞው የሥነ ሥርዓት ምዕራፍ ብቸኛ ተጫዋች በሜዳው ላይ መብት የሌለውና ለማንኛውም ቡድን ቦታ የሚለቅ ተደርጎ ይታይ ነበር። በኋላ ግን ቅድሚያ የሚወሰነው በቡድኑ ፍጥነት ነው የሚለው አስተሳሰብ ተተክቷል። ሜዳው ክፍት ሆኖ አንድ ሰው በፍጥነት ሲመጣ ማሳለፉ ለሁለቱም ወገን ቀላል ነው፤ ሜዳው በአራት አራት ሰው በተሞላበት ቀን ግን ብቸኛው ተጫዋች በእያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ እንዲያሳልፉት መጠበቅ የለበትም።

ማሳለፉ በተግባር እንዴት ይከናወናል?

ከሁሉ የሚመቸው ቦታ መነሻው ነው። የራስዎ ቡድን ከመምታቱ በፊት ቆም ብለው የኋላው ቡድን እስኪደርስ ይጠብቁ፣ «እናንተ ቅደሙ» ይበሉ፣ ወደ ጎን ይውጡ፣ ዝም ይበሉ። እኛ አገር በር ላይ እንደምናደርገው «የለም እናንተ ቅደሙ» እየተባባሉ መገባበዝ እዚህ ቦታ አያስፈልግም፤ አንድ ግብዣ፣ አንድ ምስጋና ይበቃል። የጨዋታው መካከል ላይ ከሆኑ ደግሞ ከኳሱ መስመር በደንብ ርቀው ወደ ጎን ይውጡና እጅዎን ከፍ አድርገው ምልክት ይስጡ፤ ከተቻለ ከዛፍ ወይም ከጋሪው ኋላ ይቁሙ፣ ጀርባዎንም ለሚመቱት አይስጡ። ያለፉት ሰዎች ከእርስዎ ምት ክልል ፈጽሞ እስኪወጡ ድረስ አይምቱ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ያሳለፉትን ጊዜ ለመካስ ፈጥነው ይመቱና ኳሳቸው አሁን ባሳለፏቸው ሰዎች መካከል ይወድቃል።

ባለ ሦስት ፓር ጉድጓድ ላይ ሌላ ዘዴ አለ። የእርስዎ ቡድን ኳሶቹን ግሪኑ ላይ ካደረሰ በኋላ ቦታቸውን በሳንቲም ምልክት አድርጎ ኳሶቹን ያነሣል፣ ወደ ጎን ይወጣል፣ የኋላውም ቡድን ከቲ እንዲመታ ምልክት ይሰጣል። እነርሱ ወደ ግሪኑ ሲራመዱ እናንተ ጨዋታችሁን ትጨርሳላችሁ። በዚህ ጊዜ ማንም ማንንም አያልፍም፤ ነገር ግን የአንዱ ቡድን እርምጃ ከሌላው ጨዋታ ጋር ስለሚደራረብ ከላይ የተጠቀሰው የ10 ደቂቃ ድልድይ ያጥራል። ሜዳው በተጨናነቀ ቀን ይህ ልማድ ከማሳለፍ የበለጠ ጥቅም አለው፣ በእኔ ግምት ግን ከሚገባው እጅግ ባነሰ መጠን ነው የሚሠራበት።

ለአንድ ምት ስንት ጊዜ ተፈቅዶልኛል?

እ.ኤ.አ. በ2019 በሥራ ላይ የዋለው ደንብ፣ ተጫዋቹ ያለ እንቅፋት መምታት ከሚችልበት ጊዜ ጀምሮ ከ40 ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ እንዲመታ፣ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ከዚያ ፈጥኖ እንዲጫወት ይመክራል። ይህ ምክር እንጂ በራሱ ቅጣት የሚያስከትል ገደብ አይደለም፤ ውድድር የሚያዘጋጅ ኮሚቴ ግን የራሱን የፍጥነት ደንብ ማውጣት ይችላል። ጨዋታን ያለ በቂ ምክንያት ማዘግየት ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ የቅጣት ምት፣ በምት ቆጠራ (ጠቅላላ ምት ተደምሮ አሸናፊው በሚለይበት ጨዋታ) ለሁለተኛ ጊዜ ሁለት፣ ለሦስተኛ ጊዜ ከውድድር መሰረዝን ያስከትላል።

በሥራ ቀናቸው የሚጫወቱት ባለሙያዎች በዚህ ረገድ መጥፎ አርአያ መሆናቸው የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካዊው ባለሙያ ጄ ቢ ሆምስ በካሊፎርኒያው የቶሪ ፓይንስ ሜዳ የመጨረሻው ጉድጓድ ላይ ሁለተኛ ምቱን ለመምታት ከአራት ደቂቃ በላይ ካሰበ በኋላ፣ ወደ ግሪኑ መምታቱን ትቶ ኳሱን ከፊት አሳጥሮ አኖረ። ቅጣት ግን አልደረሰበትም። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2013 በማስተርስ ውድድር ላይ የ14 ዓመቱ ቻይናዊ ታዳጊ ጓን ቲያንላንግ በመዘግየቱ አንድ ምት ተቀጥቷል፤ እንዲያም ሆኖ ለመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት አልፏል። የሴት ባለሙያዎች ማኅበር ኤልፒጂኤ እ.ኤ.አ. በ2025 መመሪያውን አጥብቆ፣ ከተመደበው ጊዜ እስከ 5 ሰከንድ ላለፈ የገንዘብ ቅጣት፣ ከ6 እስከ 15 ሰከንድ ላለፈ አንድ ምት፣ 16 ሰከንድና ከዚያ በላይ ላለፈ ሁለት ምት ወስኗል። ይህን ያነሣሁት፣ በቴሌቪዥን ያዩትን ረጅም ዝግጅት ሜዳ ላይ የሚደግሙ ጀማሪዎች ብዙ ስለሆኑ ነው።

ሰው ሲያየኝ እበረግጋለሁ፤ ምቴም ይበላሻል። ምን ላድርግ?

40 ሰከንድ ረጅም ጊዜ መሆኑን በመረዳት ይጀምሩ። ቤትዎ ቆመው ዱላ ይምረጡ፣ ከኳሱ ኋላ ሆነው መስመሩን ይመልከቱ፣ አንድ ጊዜ ይለማመዱ፣ ይምቱ፤ ይህ ሁሉ ተረጋግቶ ሲከናወን ብዙውን ጊዜ ከ25 ሰከንድ አያልፍም። ስለዚህ ምቱ በራሱ የሚያዘገይ ነገር አይደለም፤ እርሱን ለማሳጠር መሞከርም ከንቱ ነው። መፍጠን ያለብዎት በምትና በምት መካከል ነው፣ ማለትም በእርምጃ፣ በዱላ ምርጫ፣ በወሬና በስልክ ላይ። ኳሱ አጠገብ ከደረሱ በኋላ ግን ሰዓቱ የእርስዎ ነው።

አንዳንዶች ከኋላ ያሉትን ለማየት በየጊዜው ዘወር ይላሉ። ይህ ልማድ ጭንቀቱን ያባብሳል፣ የሚያዩት ነገርም ምንም አይነግርዎትም፤ ከ200 ሜትር ርቀት ላይ የቆመ ሰው ተቆጥቶ ይሁን ውኃ እየጠጣ መለየት አይቻልም። ከኋላ ያሉትን የሚመለከቱበት ቋሚ ቦታ ይኑርዎት፤ ግሪኑን ለቀው ሲወጡ አንድ ጊዜ ማየት ይበቃል። አንድ ቃልም ብዙ ያቀልላል። መነሻ ላይ ሲገናኙ «ከፊታችን ያሉት ቆመዋል፣ እኛም እየጠበቅን ነው» ብለው በትሕትና ቢናገሩ፣ የኋላው ቡድን ከቲው ላይ ሆኖ ያላየውን ነገር ያውቃል፤ ቁጣው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ምክንያቱን ካለማወቅ ነው።

ጊዜ የሚባክነው የት ነው? ምን ብንለውጥ ይሻላል?

አራት ጀማሪዎች እያንዳንዳቸው 100 ምት ቢመቱ በጠቅላላው 400 ምት ይሆናል። በእያንዳንዱ ላይ 10 ሰከንድ ቢቀነስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይተርፋል ማለት ነው። በተግባር የአንዱ ዝግጅት ከሌላው ምት ጋር ስለሚደራረብ ትርፉ ከዚህ ያንሳል፤ መደራረቡ ግን ራሱ መልሱ ነው። አንዱ ሲመታ ሦስቱ ቆመው የሚመለከቱበት ቡድን ቀርፋፋ ነው፤ አንዱ ሲመታ ሦስቱ ወደየኳሳቸው ሄደው ዱላቸውን መርጠው የሚጠብቁበት ቡድን ፈጣን ነው።

ለዚህም ሲባል በምት ቆጠራ «የተዘጋጀ ይምታ» የሚለው አሠራር በደንቡ ውስጥ በግልጽ ተፈቅዷል፤ ለሌሎች አደጋ እስካልሆነ ድረስ የራቀው ቀድሞ ይምታ የሚለውን ተራ መጠበቅ አያስፈልግም። አንድ ለአንድ በሚደረገው የማች ፕሌይ ጨዋታ ግን ተራ የስልቱ አካል ስለሆነ፣ ያለ ስምምነት ተራውን አልፎ የመታን ሰው ተጋጣሚው ምቱን ሊያሰርዝበት ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ደግሞ ግሪን ላይ ሆኖ ሲመታ ኳሱ ቀዳዳው ውስጥ የተተወውን የባንዲራ ዘንግ ቢነካ ቅጣት የለውም፤ ስለዚህ ዘንጉን የግድ ማውጣትና መመለስ አያስፈልግም።

የጋሪ አጠቃቀም ብቻውን ሰፊ ርእስ ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ጋሪ ተቀምጠው ከአንዱ ኳስ ወደ ሌላው አብረው የሚዞሩ ከሆነ ከሚራመዱ ሰዎች ይዘገያሉ። አንዱን ኳሱ አጠገብ ከሁለት ሦስት ዱላ ጋር አውርዶ ወደ ራስ ኳስ መንዳት ይገባል። ግሪኑ ጋ ሲደርሱ ጋሪውን ወይም ቦርሳውን ወደ ቀጣዩ መነሻ በሚወስደው ወገን ያቁሙ፤ ከፊት ለፊት አቁመው ተመልሰው የሚመጡ ሰዎች የኋላውን ቡድን ሳያውቁት ያግታሉ። ውጤት የሚጻፈውም ቀጣዩ መነሻ ላይ ነው፤ ግሪኑ ላይ ቆሞ «አምስት ነው ስድስት?» እየተባባሉ መቁጠር ከሁሉ በላይ ሰውን የሚያናድድ ነገር ነው።

ውጤትዎ ከተበላሸ ደግሞ ኳሱን ማንሣት ነውር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 የተጀመረው የዓለም የሃንዲካፕ (የተጫዋች ችሎታ መለኪያ ቁጥር) ሥርዓት ለሃንዲካፕ ስሌት የአንድን ጉድጓድ ውጤት በፓሩ ላይ 2 እና ለተጫዋቹ የተሰጡት ምቶች ተጨምረውበት በሚገኘው ቁጥር ይገድባል፤ ከዚያ በላይ የሚመቱት ምት ለሃንዲካፕዎ ምንም አይቆጠርም። ሃንዲካፕ የሌለው ጀማሪ የፓሩን እጥፍ ሲደርስ ኳሱን ቢያነሣ ጥሩ ልማድ ነው።

ኳሴ ጠፋ። ከኋላ ሰዎች ቆመዋል። ለምን ያህል ጊዜ ልፈልግ?

ሦስት ደቂቃ። እስከ እ.ኤ.አ. 2018 ድረስ 5 ደቂቃ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ 3 ተቀነሰ። ጊዜው የሚቆጠረው መፈለግ ከጀመሩበት ጊዜ አንሥቶ ነው። ኳሱ መጥፋቱ አጠራጣሪ ሲሆን ከቦታው ሳይነሡ ሌላ ጊዜያዊ ኳስ መምታት ይገባል፤ ነገር ግን «ይህ ጊዜያዊ ኳስ ነው» ብለው በግልጽ መናገር ግዴታ ነው፣ ሳይናገሩ ከመቱ ሁለተኛው ኳስ ዋናው ኳስ ይሆናል፤ የአንድ ምት ቅጣትም ይከተለዋል። ወደ መነሻው ተመልሶ መምታት የኋላውን ቡድን እጅግ ስለሚያዘገይ፣ ብዙ ሜዳዎች ለመዝናኛ ጨዋታ ሌላ የአካባቢ ደንብ ይጠቀማሉ፦ ኳሱ ከጠፋበት አቅራቢያ በመነሻውና በግሪኑ መካከል ወዳለው የታጨደ ሣር፣ ወደ ፌርዌዩ፣ ወጥቶ በሁለት የቅጣት ምት አዲስ ኳስ መጣል። ሜዳው ይህን ደንብ መቀበሉን ከመጀመርዎ በፊት ይጠይቁ። ውድድር ላይ ካልሆኑና ፍለጋው እንደሚረዝም ካወቁ የኋላውን ቡድን ወዲያውኑ ያሳልፉ።

ከኋላ የተመታ ኳስ አጠገቤ ወደቀ። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ከመስመሩ ይውጡ። «ፎር!» የሚል የማስጠንቀቂያ ጩኸት ሲሰሙ ወደ ድምፁ ዞረው አይመልከቱ፤ ጭንቅላትዎን በክንድዎ ሸፍነው ዝቅ ይበሉ። የጎልፍ ኳስ ዓይን ሊያጠፋና የራስ ቅል ሊሰብር ይችላል፣ ስለዚህ ነገሩ የአክብሮት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

አንድ ጊዜ ብቻ የሆነ እንደሆነ ሰውየው ከኮረብታ ኋላ ሆኖ ሳያይዎት ወይም ከአቅሙ በላይ ሆኖለት መትቶ ሊሆን ይችላል። እጅዎን ከፍ አድርገው መኖርዎን ያሳዩ፣ ይቅርታ ከጠየቀም ነገሩን እዚያው ይተዉት። ኳሱን ወደ እርሱ መልሶ መምታት ወይም አንሥቶ ጫካ መወርወር የሚያደርጉ ሰዎች አሉ፤ ይህ አደጋውን እጥፍ ከማድረጉም በላይ የሜዳው ተቆጣጣሪ፣ ማርሻሉ፣ ሲመጣ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ያደበላልቃል፣ ደንቡም ኳሱን የመታው ሰው ኳሱን ወደ ቦታው መልሶ እንዲጫወት ይፈቅድለታል። ለሁለተኛ ጊዜ ከደገሙት ግን መሸከም አያስፈልግም። ቀርበው አይጣሉ፤ ጋሪው ላይ ወይም የውጤት ካርዱ ላይ ወዳለው ስልክ ደውለው ለሜዳው ቢሮ ያሳውቁ፣ የትኛው ጉድጓድ ላይ እንዳሉና ከኋላ ያለው ቡድን በስንት ሰዓት እንደተነሣ ይንገሩ።

ማርሻሉ መጥቶ «ዘግይታችኋል» ቢለኝስ?

አይከራከሩ። ማርሻሉ የሚያየው ከእርስዎ ፊት ያለውን ክፍተት ነው፣ ሥራውም እርሱን መዝጋት ነው። ጉድጓድ ዘልላችሁ ወደ ፊት እንድትሄዱ፣ ኳሳችሁን እንድታነሡ ወይም የኋላውን ቡድን እንድታሳልፉ ሊጠይቅ ይችላል። ምክንያት ካለዎት፣ ለምሳሌ አንድ ሰው ታሞ ወይም ጋሪው ተበላሽቶ ከሆነ፣ በአጭሩ ይግለጹና የተባለውን ያድርጉ። ከፊትዎ ያሉት እንዳገዷችሁ እያወቁ ማርሻሉ እናንተን ብቻ ከወቀሰ ደግሞ «ከፊት ያለውን ቡድንም ይመልከቱልን» ማለት መብትዎ ነው።

ጀማሪ ነኝ፤ በዚህ ሜዳ ላይ መገኘቴ ራሱ ሰዎችን የሚያስቸግር ይመስለኛል። መብት አለኝ?

የሕዝብ ሜዳ ላይ ክፍያ የከፈለ ሁሉ እኩል መብት አለው፤ 110 የሚመታውም 72 የሚመታውም። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ዲሲ የሚገኘው ላንግስተን የጎልፍ ሜዳ እ.ኤ.አ. በ1939 የተከፈተው፣ ጥቁሮች በአብዛኞቹ ሌሎች ሜዳዎች እንዳይጫወቱ በተከለከሉበት ዘመን ነው፤ ሜዳው ከመከፈቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የተመሠረተው ዌክ ሮቢን የተባለው የጥቁር ሴቶች ክበብም ሜዳ እንዲሰጣቸው ከጠየቁት መካከል ነበር። በዚያ ሣር ላይ ማን መቆም ይችላል የሚለው ጥያቄ የተዘጋው በእነዚያ ሰዎች ድካም ስለሆነ፣ ቀስ ብሎ ስለሚመታ ብቻ ይቅርታ ሲጠይቅ የሚውል ሰው ሳይ ያሳዝነኛል።

መብት ግን ቦታና ሰዓት ከመምረጥ አያግድም። ለመጀመሪያዎቹ ወራት ባለ ዘጠኝ ጉድጓድ ወይም ባለ ሦስት ፓር ብቻ የሆኑ አጫጭር ሜዳዎች ይሻላሉ። በሥራ ቀን፣ ወይም ዋጋው በሚቀንስበት የከሰዓት በኋላ ሰዓት ይሂዱ። ከፊተኛው፣ ማለትም ለግሪኑ ከሚቀርበው መነሻ ይምቱ፤ ወንዶች ከዚያ መነሻ መምታትን እንደ ውርደት ማየታቸው ጎልፍን ካዘገዩት ነገሮች አንዱ ነው። ቡድኖችን በተራ ለሚያሰማራው ስታርተርም ጀማሪ መሆንዎን ይንገሩት፣ ከተቻለ ከኋላዎ ክፍተት ሊተውልዎ ይችላል።

ስቸኩል የተቦጨቀውን ሣርና የባንከሩን አሸዋ ሳላስተካክል ብሄድ ያስነቅፋል?

አዎ። ግሪን ላይ ኳሱ ሲወድቅ የፈጠረውን ስርጉድ ማስተካከል ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው የሚወስደው፣ ባንከሩን መዳመጥም ሌሎቹ ሲመቱ የሚሠራ ሥራ ነው። ጊዜ ለማትረፍ የሚቀነስ ነገር ካለ አራተኛው የልምምድ ምት ይቀነስ።

እኔ ራሴ ከኋላ ያለሁት ስሆንስ እንዴት ልሁን?

ከፊት ያሉት የሚጠብቁ ወይም የሚዘገዩ መሆናቸውን ሳያረጋግጡ አይናደዱ። መነሻው ላይ ሲያገኟቸው «ጥሩ ዋላችሁ?» ብለው ሰላም ይበሉ፣ ከፊታቸው ባዶ ከሆነ ደግሞ ማለፍ ይቻል እንደሆነ በግልጽ ይጠይቁ፤ እጅ ማወናጨፍ ወይም ጋሪውን አስጠግቶ ማቆም ጥያቄ አይሆንም። ካሳለፏችሁ አመስግናችሁ በፍጥነት ተጫወቱ፣ ያለፋችሁበት ጉድጓድ ላይ የጠፋ ኳስ አትፈልጉ።

ከፊት ያሉት ከክልልዎ እስኪወጡ መጠበቅ የሚገባው በአማካይ በሚመቱት ርቀት ሳይሆን በሕይወትዎ ከመቱት ሁሉ በራቀው ርቀት ልክ ነው። ለዚህ ከፍታም ልዩነት ያመጣል። በባሕር ጠለል አቅራቢያ በምትገኘው ዋሽንግተን የለመደ ሰው ለእረፍት ወደ አገር ቤት ሄዶ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው አዲስ አበባ ላይ ሲጫወት፣ አየሩ ስስ በመሆኑ ኳሱ ከለመደው በላይ ይርቃል፤ ስለዚህ እዚያ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ጉድጓዶች ሲጫወት የመጠበቂያ ርቀቱን ቢያንስ በአንድ አሥረኛ ይጨምር።